ዣክ ኢቭ ኩስቶ፤ ባሕርን በሲኒማ ያሳየ ሰው

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ከቆላው ሲደርስ ዛሪማን ያገኛል። የዛሪማ ወንዝ ከስሜን ተራሮች የሚወርደውን ውሃ ሰብስቦ ለተከዜ ያስረክባል፤ ተከዜም ወደ ሱዳን ወርዶ ከአትባራ ጋራ ይገናኝና ናይልን ይቀላቀላል፤ የናይልም መጨረሻ ሜዲቴራኒያን ባሕር ነው። ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ሥራውን የጀመረው በዚሁ ባሕር በሰሜኑ ዳርቻ ነው።

ኩስቶን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቀይ ቆብ ደፍቶ በነጭ መርከብ ላይ የቆመ ሽማግሌ አድርጎ ነው። ለተማሪና ለወጣት ሠራተኛ ግን ከሽማግሌነቱ ዝና ይልቅ የወጣትነቱ አሠራር ይጠቅማል። ዛሬ በየከተማው ሲኒማ ለማንሣት የሚመኝ ወጣት ብዙ ነው። አንዱ ዋናተኞችን፣ ሌላው ቀዛፊዎችን፣ ሦስተኛው የወንዙን ፏፏቴ ለማሳየት ያስባል። ይሁን እንጂ ምኞቱ ገና ሳይጀመር መሣሪያ የለም፣ በጀት የለም በሚል ቃል ይዘጋል። የኩስቶ ታሪክ ገንዘብ አያስፈልግም ብሎ አያታልለንም፤ ገንዘብ ከመለመኑ በፊት ግን ተለይቶ መታወቅ ያለበት ነገር እንዳለ ያሳየናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ኩስቶ በ1910 ዓ.ም. ጁን 11 ቀን ቦርዶ ከምትባለው ከተማ አጠገብ በሴንታንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ሲሆን ለአሜሪካውያን ባለጠጎች በጸሐፊነት ያገለግል ስለ ነበር ቤተ ሰቡ ከአገር አገር ይዘዋወር ነበር፤ ስለዚህም ልጁ ጥቂት ጊዜ በኒውዮርክ ኖሯል። ሰውነቱ ደካማና ሕመም የሚያጠቃው ነበር፤ እጆቹ ግን ሥራ አይፈቱም፤ ያገኘውን ማሽን ሁሉ ፈትቶ መልሶ ለመግጠም ይጥር ነበር። በ13 ዓመቱ ካጠራቀመው ገንዘብ ፓቴ የተባለውን ትንሽ የሲኒማ ካሜራ ገዛ። ካሜራውንም እንደ ሌላው መጫወቻ ፈታትቶ አሠራሩን ከተረዳ በኋላ ዘመዶቹንና ጓደኞቹን እያሰለፈ አጫጭር ሲኒማዎች ያነሣ ጀመር።

በ1930 በብሬስት ከሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ፍላጎቱ የባሕር ኃይል አውሮፕላን ነጂ መሆን ነበር። ነገር ግን የበረራ ትምህርቱን ለመፈጸም ጥቂት ሲቀረው በደረሰበት ብርቱ የመኪና አደጋ ክንዶቹ ተሰበሩ፤ የአብራሪነትም ተስፋው በዚያው ተቋረጠ። የተሰበሩትን ክንዶቹን ለማጠንከር ሲል ቱሎን በተባለው ወደብ አጠገብ ዘወትር መዋኘት ጀመረ። በ1936 ፊሊፕ ታዬ የተባለው የባሕር ኃይል ጓደኛው የውሃ መነጽር ሰጠው። ኩስቶ መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ከውሃ ውስጥ ቢያገባ፣ ከላይ ሲታይ አንድ ወጥ መስሎ የነበረው ባሕር ዓሣና ዕፅዋት፣ ተራራና ሸለቆ ያለበት ሌላ አገር ሆኖ ታየው። ከዚያ ቀን በኋላ ያየውን ለሌላው ሰው የማሳየት ዐሳብ ከልቡ አልወጣም።

በ1937 ሲሞን ሜልኪዮርን አገባ። የሲሞን አባት ኤር ሊኪድ በተባለው ትልቅ የጋዝ ኩባንያ ከሹማምንቱ አንዱ ነበሩ። ይህ ዝምድና ኋላ ምን እንዳፈራ ከዚህ በታች እናያለን።

የመጀመሪያው ሲኒማ

ኩስቶ፣ ታዬና ፍሬዴሪክ ዱማ የተባለው ስመ ጥር ዋናተኛ ሦስቱ ተባብረው ትንፋሻቸውን እየያዙ በመጥለቅ በጦር ዓሣ ያድኑ ነበር። ይህን የውሃ ስፖርት በሲኒማ ለማንሣት የቈረጡት በ1942 ነው። ዘመኑ የጦርነት ዘመን፣ አገሪቱም በጠላት እጅ የወደቀች ነበረች። በጀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ወይም የሚያከራይ ነጋዴ አልነበረም፤ በገበያም የሲኒማ ፊልም አይገኝም ነበር።

ኩስቶ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ለየ። አስቀድሞ ካሜራ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ያለፈበትን ኪናሞ የተባለ ካሜራ በአሜሪካ ገንዘብ 25 ዶላር በሚያህል ዋጋ ገዛ። ካሜራው በደንብ የሚያይ ሌንስ ያስፈልገዋል፤ ከሀንጋሪ ተሰዶ የመጣ አንድ ባለሙያ ሌንሱን ሞርዶ ሠራለት። ካሜራውን ከጨው ውሃ የሚከላከል ሣጥን ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ በጦር መርከብ ላይ የሚሠራ ሊዮን ቬሽ የተባለ መካኒክ ሠራው። የቀረው ፊልም ነበር። የሲኒማ ፊልም ባይገኝ፣ ለፎቶግራፍ የሚሆነው የላይካ ፊልም ስፋቱ ከሲኒማው ጋራ እኩል መሆኑን ያውቅ ስለ ነበር፣ ርዝመታቸው 15 ሜትር ያህል የሆኑ ጥቅሎችን ከየሱቁ ለቃቅሞ ገዛና ብርሃን እንዳይገባ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ አንዱን ከሌላው ጋራ ቀጣጠለ።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። 15 ሜትር የሲኒማ ፊልም በማሽን ላይ ሲሽከረከር የሚቆየው ከግማሽ ደቂቃ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለአሥር ደቂቃ ሲኒማ፣ ምንም ሳይበላሽ ቢቀር እንኳ፣ 18 ያህል ጥቅል ያስፈልጋል። ስለዚህ ጠላቂው ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያነሣ ቈርጦ ማወቅ ነበረበት። የፊልሙ ማነስ ሐሳቡን አጥርቶ እንዲያስብ አስገደደው ማለት ይቻላል። ከዚህ ሁሉ ድካም የወጣው ሲኒማ በ18 ሜትር ጥልቀት የሚል ስም ተሰጠው፤ በ1943ም በፓሪስ ለሕዝብ ታየ።

ስለ ትንፋሽ

በትንፋሽ ብቻ የሚጠልቅ ሰው ከውሃ በታች የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ካሜራውን ሳያደላድል አየር ያጥረዋል። ስለዚህ ኩስቶ ከካሜራው ቀጥሎ ያሰበው ስለ ትንፋሽ ነው። በ1942 መጨረሻ ገደማ በኤር ሊኪድ ኩባንያ በኩል ኤሚል ጋኛን ከተባለው መሐንዲስ ጋራ ተገናኘ። ጋኛን ቤንዚን በጠፋበት በዚያ ጊዜ መኪናዎች በጋዝ እንዲሠሩ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ይህን መቆጣጠሪያ ለጠላቂ እንዲስማማ አድርገው ለወጡት። ጠላቂው በጀርባው ላይ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር ይሸከማል፤ መቆጣጠሪያው ሲተነፍስ ብቻ፣ ያውም በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ጋራ እኩል አድርጎ፣ አየሩን ይለቅለታል። መሣሪያው በ1943 በማርን ወንዝ ተሞከረ፤ ከተሻሻለም በኋላ በዚያው ዓመት በጋ ኩስቶ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ጠለቀበት። በዓለም ሁሉ አኳ-ላንግ ማለትም የውሃ ሳንባ ተብሎ የታወቀው ይህ ነው። በዚሁ መሣሪያ እየተነፈሱ በባሕር ውስጥ ስለ ሰጠሙ መርከቦች ሁለተኛውን ሲኒማ አነሡ።

አየር ግን እንደ ገንዘብ ተቈጥሮ የሚወጣ ነገር ነው። ጠላቂው 10 ሜትር ሲወርድ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን በሲሊንደሩ ያለው አየር የሚቆይለት በውሃው ገጽ ላይ ሊቆይለት ከሚችለው ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው፤ 40 ሜትር ሲወርድ ደግሞ አምስተኛውን እጅ ብቻ። ከጥልቁም በችኮላ ቢወጣ በደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊያሽመደምደው፣ ሊገድለውም ይችላል። እንግዲህ ከባሕር በታች ሲኒማ የሚያነሣ ሰው የደቂቃ በጀት ሳይዝ አይወርድም።

ይህ ሒሳብ የሚያስከፍለውን ዋጋ ጓዶቹ በ1947 በመራራ ሁናቴ አዩት። በጥልቀት የመውረድን ልክ ለመፈተን ሲሞክሩ ሞሪስ ፋርግ የተባለው የቅርብ ባልደረባቸው 120 ሜትር ያህል ወርዶ ራሱን ሳተ፤ ጎትተው ቢያወጡትም ነፍሱን ሊያተርፉ አልቻሉም። መሣሪያ የተሟላለት፣ በሙያው የተመሰገነ ሰው ነበር፤ የሞተውም የሰው ገላ ሊሸከም ከሚችለው ወሰን በማለፉ ነው። በመሣሪያ የሚመካ ሁሉ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

መርከብ በአንድ ፍራንክ

ከጦርነቱ በኋላ ኩስቶ ስለ ሰጠሙት መርከቦች ያነሣውን ሲኒማ ለባሕር ኃይሉ አለቆች አሳየ። ባለሥልጣኖቹም በዓይናቸው ባዩት ነገር ረክተው በቱሎን የባሕር ውስጥ ምርምር ክፍል እንዲቋቋም ፈቀዱ። አንድ አጭር ሲኒማ ከብዙ ገጽ ማመልከቻ ይልቅ አስረዳ።

የራሱ መርከብ ግን አልነበረውም። በ1950 ሎየል ጊነስ የተባለ እንግሊዛዊ ባለጠጋ ከጦርነቱ የተረፈችውንና በኋላ በማልታ ደሴት መንገደኛ ታመላልስ የነበረችውን ካሊፕሶ የተባለች ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ገዛና በዓመት አንድ ፍራንክ ኪራይ ሰጠው። አንባቢ ይህን ሲሰማ ችግሩ ሁሉ በአንድ ፍራንክ ተቃለለ ብሎ እንዳያስብ። በነጻ የተገኘች መርከብም ነዳጅ ትጠጣለች፣ ሠራተኛ ታበላለች፣ ጥገና ትጠይቃለች። ለመጥለቂያ የሚሆን ጉድጓድ፣ ከፊቷም ከውሃው በታች ሆኖ በመስተዋት የሚያዩበት ክፍል እንዲሠራላት ያስፈልግ ነበር። ይህን ለመሙላት ሲሞን ጌጣ ጌጧን ሸጠች። ከዚያም በኋላ ብዙውን ዕድሜዋን በመርከቧ ላይ አሳለፈች፤ የሠራተኞቹ እናትና ምግብ አዘጋጅ፣ ገንዘብ ያዥና አስታራቂም ሆነች። በሲኒማዎቹ ውስጥ ግን የርስዋ መልክ እምብዛም አይታይም።

ካሊፕሶ በ1951 ወደ ቀይ ባሕር ተጓዘች። ወጪውን ለመሸፈን ኩስቶ በየአቅጣጫው ገንዘብ ፈለገ። የአሜሪካው ናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ረዳው፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የነበረው ሃሮልድ ኤጀርተንም በጥልቅ ባሕር ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሣሪያዎችን ሠራለት። በ1953 ከዱማ ጋራ የጻፈው ዝምተኛው ዓለም የተባለው መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ገቢ አመጣ። በ1954 ደግሞ የእንግሊዝ የነዳጅ ዘይት ኩባንያ ቀጥሮት በአቡ ዳቢ አጠገብ ከባሕሩ ወለል ድንጋይ እየሰበረ አቀረበ። ኋላ ስለ ባሕር ንጽሕና የተከራከረው ሰው መርከቡ እንዳትቆም ሲል ለነዳጅ ዘይት ፈላጊዎች ሠርቷል። ገንዘብ የሰጠ ሁሉ የሚፈልገው ነገር አለው፤ ተቀባዩም ምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቁ ይበጃል።

ዝምተኛው ዓለም

መጽሐፉን በሲኒማ ለማውጣት ሲነሣ ኩስቶ ሉዊ ማል የተባለውን ገና ከሲኒማ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ባልደረባው አደረገው። የዚህ ሲኒማ ትልቁ ችግር ብርሃን ነበር። ውሃ ቀዩን ቀለም በጥቂት ሜትር ውስጥ ይውጠዋል፤ ዱማ በጥልቅ ባሕር የወጋው ዓሣ ደም አረንጓዴ መስሎ ታይቷቸው ነበር። ስለዚህ ባለቀለም ሲኒማ ለማንሣት ብርቱ መብራት ከመርከቡ በሽቦ እየተጎተተ እስከ ጥልቁ መውረድ ነበረበት። መብራት ያዡ፣ ካሜራ ያዡና መሪው ከውሃ በታች ሊነጋገሩ ስለማይችሉ ሥራው ሁሉ በመርከቡ ላይ ተመክሮበት ካላለቀ በስተቀር ከታች የሚታረም ነገር አልነበረም።

ሲኒማው በ1956 በካን ከተማ በተደረገው በዓል የወርቅ ዘንባባ የተባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ሽልማት አገኘ፤ በሚከተለውም ዓመት በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት ተሰጠው። እውነተኛ ሁናቴ የሚያሳይ ሌላ ሲኒማ የካንን ዘንባባ እስኪያገኝ ድረስ እስከ 2004 መጠበቅ አስፈልጓል።

ዳሩ ግን ያንን ሲኒማ ዛሬ የሚያይ ሰው ደስታው ሙሉ አይሆንም። መርከቢቱ አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል በመቅዘፊያዋ አቈሰለች፤ ደሙን ተከትለው የመጡትን ሻርኮች ሠራተኞቹ በንዴት ጎትተው ጨፈጨፏቸው። ዓሣ ለመቍጠር ሲሉም በድማሚት ኮራሉን አፈነዱ። በዚያን ዘመን ባሕር የማያልቅ ይመስል ስለ ነበር ይህ ሁሉ ነውር ሆኖ አልታየም። ኩስቶ ግን በቆየ ቍጥር፣ ቀድሞ ዓሣ ሞልቶበት ያየው ስፍራ ባዶ ሲሆን እየተመለከተ ሐሳቡ ተለወጠ። በ1960 የአቶም ዝቃጭ በሜዲቴራኒያን እንዳይጣል ተሟገተ፤ በ1973ም ባሕርን የሚጠብቅ ማኅበር በስሙ አቋቋመ።

የኋላ ዘመኑ

በ1957 ከባሕር ኃይሉ ወጥቶ የሞናኮ የባሕር ሙዚየም ሹም ሆነ። በ1963 በሱዳን ወደብ በፖርት ሱዳን አቅራቢያ ከቀይ ባሕር በታች ቤት ሠርቶ አምስት ሰዎች 10 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አንድ ወር እንዲኖሩ አደረገ፤ ስለዚሁ ያነሣው ሲኒማም ሌላ ኦስካር አስገኘለት። ከ1968 ጀምሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በተከታታይ የታየው የባሕር ትዕይንት ስሙን በየቤቱ አስገባው።

ኀዘንም አልቀረለትም። የሥራው ወራሽ ይሆናል ብሎ ተስፋ የጣለበት ልጁ ፊሊፕ በ1979 በሊዝበን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሲሞን በ1990 አረፈች። ካሊፕሶም በ1996 በሲንጋፖር ወደብ ሌላ ጀልባ ገጭቷት ሰጠመች፤ በኋላ ብትወጣም እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም። ኩስቶ በሚከተለው ዓመት፣ በ1997 ጁን 25 ቀን፣ በ87 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ።

ለኛ የሚሆነው ትምህርት

የአገራችን ወንዞች ለእንዲህ ያለ ሥራ እንግዳ አይደሉም። በ1968 ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የመሩት ትልቅ ጓድ በዓባይ ሸለቆ በጀልባ ሲጓዝ ከአባሎቹ አንዱን ውሃ ወስዶበታል። በ2004 ደግሞ ፓስካል ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው እስከ ሜዲቴራኒያን በውሃ ተጉዘዋል፤ ስለ ጉዞውም በታላቅ መጋረጃ የሚታይ ሲኒማ ተሠርቷል። ሁለቱም ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ የነበራቸው ናቸው። የዛሪማ ወይም የአዲ አርቃይ ወጣት ይህን ያህል ሀብት የለውም፤ ነገር ግን ኩስቶ በ1942 ከነበረው የተሻለ ካሜራ ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ አንድ ወጣት በአገሩ ወንዝ የዋና ወይም የቀዘፋ ሲኒማ ለማንሣት ቢያስብ ዝርዝሩን እንዲህ ይጀምር። አስቀድሞ ወንዙን በበጋ፣ ድንጋዩ ተገልጦ ሳለ፣ ዳር ለዳር በእግሩ ይመልከት፤ ውሃው የት እንደሚያዞርና አዞ የት እንደሚውል የአገሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። በደጋው የዘነበ ዝናም በቆላው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ድንገት ደራሽ ውሃ ሆኖ እንደሚመጣ አይርሳ። ከዚያ በኋላ የወጪውን መዝገብ ይክፈት። በመጀመሪያው መሥመር ላይ ካሜራው ሳይሆን የሰው ሕይወት ይጻፍ፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ ጠንካራ ገመድ፣ የቍስል መድኃኒትና ከዳር ቆሞ የሚጠብቅ ዋናተኛ። በሁለተኛው ውሃ የማያስገባ የስልክ ወይም የካሜራ ሽፋን፣ ከወንዙ ዳር መብራት ስለማይገኝ ትርፍ ባትሪ፣ የተነሣውንም ስዕል በየማታው በሁለት ስፍራ ማስቀመጫ። በሦስተኛው የበቅሎ ኪራይ፣ የመሪው ዋጋና ስንቅ። በመጨረሻም ከጠቅላላው ከአሥር አንዱን እጅ ላልታሰበ ነገር ያስቀምጥ። ከገንዘቡ የሚበልጥ ከሆነ የሚቀነሰው የሲኒማው ርዝመት እንጂ የመጀመሪያው መሥመር አይደለም።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይላል ያገራችን ሰው። ኩስቶ በብርድ ልብስ ሥር ተቀምጦ ጥቅል በጥቅል ሲቀጥል ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ያለውን ቈጠረ፣ የጎደለውን ለየ፣ የጎደለውንም ማን ሊሠራው እንደሚችል ጠየቀ። ሌንሱን ስደተኛው፣ ሣጥኑን መካኒኩ፣ ትንፋሹን መሐንዲሱ፣ መርከቡን ባለጠጋው፣ ማዋቀሪያውን ሚስቱ ሰጡት። የዝናው ባለቤት አንድ ሰው ቢሆንም በጀቱ የብዙ ሰው እጅ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ሥራ የሚጀምር ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ጓዶቹን ይቍጠር።